ጳጉሜንን የማይቆጥር ሰዓት

ልጅ እያለሁ የእኛ ቤት ሽታ ቤንዚን ነበር። የጎረቤቶቻችን ቤት በርበሬና ቅቤ ሲሸት የእኛው ቤንዚን፣ የስፌት መኪና ዘይትና ያረጀ የቆዳ ማሰሪያ ይሸታል። እናቴ «እዚህ ቤት ክብሪት የሚጭር ሰው አብሮን ይነዳል» እያለች እንግዳውን ሁሉ ታስፈራራ ስለነበር ሲጋራ የሚወዱ ዘመዶቻችን ከእኛ ዘንድ ብዙ አይቀመጡም ነበር። እኔ ያን ሽታ እወደው ነበር። ዛሬም ወልዲያ መናኸሪያው አጠገብ ባለችው ጁስ ቤቴ ደጃፍ አንድ የባጃጅ ሾፌር ከጀሪካን ቤንዚን ሲገለብጥ፣ እጄ ማንጎ ላይ እንዳለ ቀና እላለሁ፤ አባቴ የመጣ ይመስለኛል። ከዚያ ትዝ ይለኝና ማንጎዬን መላጥ እቀጥላለሁ።

አባቴ አያሌው ይባላል። የሰዓት ሥራ የተማረው ደሴ ላይ ከአንድ አረጋዊ የመናዊ ነው። ሰውየው ሲሞት አባቴ ወረንጦውንና ማጉያ መነጽሩን በጨርቅ ጠቅልሎ ወደ ትውልድ አገሩ መርሳ ተመለሰ። እጁ መድኃኒት ነው ይሉት ነበር፤ የሞተ ሰዓት ያስነሳል። አፉ ግን እንደ እጁ አልነበረም። ደንበኛ «ስንት ነው?» ሲለው «እንደመሰለህ» ይላል፤ ሰው ቀና ብሎ ካየው እሱ ያቀረቅራል። ይሉኝታ የሚሉት ነገር ለሌላው ሰው በማንኪያ ሲታደል ለአባቴ በጆንያ የተሰጠው ይመስለኛል። እናቴማ «ይኼ ሰውዬ ሲሞት እንኳ ቀባሪውን እንዳላስቸግር ብሎ በእግሩ ይሄዳል» ትለው ነበር፤ እሱም ይስቃል።

እንድሪስ የእሱ ተቃራኒ ነው። የብርቱካንና የሙዝ ነጋዴ ስለሆነ በጩኸት ነው የሚያወራው። ከአባቴ ጋር ከልጅነት ጀምሮ አብረው ያደጉ ናቸው፤ እኛ ልጆቹ ጋሼ እንድሪስ እንለዋለን፤ የእሱ ልጆች ደግሞ አባቴን ጋሼ አያሌው። አንድ ቀን እንድሪስ ሰዓቱን ከእጁ ፈትቶ አባቴ ጠረጴዛ ላይ ወረወረና «ይኼ ሰዓት ውሸታም ነው!» አለ። «ዛሬ ወሩ ገና አንድ ማለቱ ነው፤ እሱ ሠላሳ አንድ ይለኛል። ሠላሳ አንድ የሚባል ቀን በየት አገር ነው ያለው?»

አባቴ በፈረንጅ አገር እንዳለ አስረዳው። የፈረንጅ ወር አንዳንዴ ሠላሳ አንድ ስለሚሆን ሰዓቱ ውስጥ ቀን የምትቆጥረው ቀለበት ሠላሳ አንድ ጥርስ አላት፤ በየቀኑ አንድ ጥርስ ትገፋለች። የእኛ ወር ሁሉ ሠላሳ ነው። ስለዚህ ወር በጠባ ቁጥር ሰዓቱ ይስታል፣ ባለቤቱም በእጁ ማረም አለበት። እንድሪስ ይህን ሰምቶ «ታዲያ ለእኛ የሚሆን ቀለበት ሥራልና!» አለ። ለቀልድ ነው ያለው። አባቴ ግን ቀልድ የማያውቅ ሰው ነው፤ ነገሩን ወደ ልቡ አስገባው።

ቀለበቷን የሠራት ከአሮጌ ቡታጋዝ ነሐስ ነው። ቀድዶ፣ ቀጥቅጦ፣ በሞረድ እየፋቀ። ስንቷ እንደተሰበረች እግዜር ይወቀው፤ እናቴ ቤት በጠረገች ቁጥር በመጥረጊያው ሥር ቢጫ ጥርሳ ጥርስ ታገኝ ነበር። በመጨረሻ አንዷ ያዘች። ቁጥሩን በግእዝ የጻፈችው እናቴ ናት፤ ጥልፍ ስለምታውቅ እጇ አይንቀጠቀጥም። ከፍየል ጠጉር በሠራችው ብሩሽ ከ፩ እስከ ፴ ጻፈችና በሰዓቱ ፊት ላይ «መርሳ» ብላ ጨመረችበት። ሆድ ዕቃው፣ እኛ ሞተር የምንለው፣ ጂዳ ካለችው ከእንድሪስ እህት ነበር የሚመጣው፤ ያንን መሥራት አባቴም አይችልም፣ እችላለሁም ብሎ አያውቅም። ማጣበቅ፣ መቀነስ፣ ማስማማቱ ግን የእሱ ነው።

እንድሪስ ከገበያው ጀርባ፣ ወንዙ አጠገብ፣ የአባቱን የእህል ማስቀመጫ ክፍል ለሥራው ሰጠ። በሯ ላይ «አያሌውና እንድሪስ ሰዓት ፋብሪካ» የሚል ሰሌዳ ሰቀሉ። ፋብሪካው አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ዱካና አንድ የእናቴ ወንበር ነበረው። «ፋብሪካ» የሚለውን ቃል ያስጻፈው እንድሪስ ነው፤ አባቴ አፍሮ በዚያ በር ሲገባ ሰሌዳውን ቀና ብሎ አያይም ነበር። ሰው ግን ወደደው። ሰዓቱን «ሠላሳው» አሉት። ሾፌሮች አሠሩት፣ ነጋዴ አሠረው፣ ከውርጌሳ እስከ ወልዲያ ለሙሽራ የሚሰጠው እሱ ሆነ። ሠላሳው የሌለው ሽማግሌ ሽምግልና ሲቀመጥ እጁን በጋቢው ይሸፍናል እየተባለ ይቀለድ ነበር።

በአባቴና በእንድሪስ መካከል ጠብ የተነሳው በአንድ ነገር ብቻ ነው። ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር ሲሞላ ቀኑ የሚለወጠው አሥራ ሁለት ላይ ነው። የጧቱ አሥራ ሁለት ይሁን የማታው ግን በሞላው ሰው እጅ ነው። አባቴ ቀን የሚጠባው ሲነጋ ነው ይላል። እንድሪስ ደግሞ «መግሪብ ካለ፣ ፀሐይ ከጠለቀች፣ ቀኑ አለቀ፤ የሚመጣው ሌሊት የነገ ነው» ብሎ ድርቅ አለ። ለሦስት ገበያ ያህል ተኮራርፈው ከረሙ። ያስታረቀቻቸው እናቴ ናት፤ «ለገዢው ተውት፣ እናንተን ማን ጠየቃችሁ?» አለቻቸው። ከዚያ ወዲያ ገዢ ሲመጣ «የንጋት ነው የመግሪብ?» ብለው ይጠይቁት ጀመር። ሰዓቱ አንድ ነው፣ የሚለየው አሞላሉ ብቻ ነው፤ ግን ሰው «የኔ የንጋት ነው» ብሎ ሲኮራ መስማት እንዴት ደስ ይል ነበር። ሙስሊሙ የንጋት፣ ክርስቲያኑ የመግሪብ የሚያዝበትም ጊዜ ነበር፤ ማንም ምነው አይልም።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቶ ነበር፤ ጳጉሜን። ቀለበቷ ከ፴ በኋላ ፩ ነው የምታውቀው፤ ጳጉሜንን አታውቃትም። ከተተወች የጳጉሜንን ቀናት የመስከረም አድርጋ ትቆጥርና አዲስ ዓመቱን ሁሉ ታዛባዋለች። አባቴ ብዙ አሰበበት። በኋላ «ጳጉሜን የእግዜር ምርቃት ናት፤ ምርቃት አይለካም» አለና መላ አመጣ፤ ነሐሴ ሲያልቅ ሰው ሁሉ ሰዓቱን ወደ ሱቁ ያመጣል፣ አባቴ ያቆመዋል፣ ከፍቶ ያጥበዋል፣ ዘይት ያጠጣዋል፣ ለመስከረም አንድ ጧት በትክክል ሞልቶ ይመልሳል። በነፃ ነው። እናቴ የማን የማን እንደሆነ እንዳይምታታ ለእያንዳንዱ የተለያየ ቀለም ያለው የጥልፍ ክር ታስርበታለች፤ የየሰዉን ክር በልቧ ነበር የምታውቀው።

የዚያን ጊዜ መርሳ በጳጉሜን እንዴት እንደምትጣፍጥ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ! አገሩ ሁሉ እጁ ባዶ ነው፤ ሰዓት የታሠረበት ቦታ ብቻ ነጣ ብሎ ይታያል። ያረፈደ ሰው «ጳጉሜን ነው እኮ» ይላል፣ ነገሩ ያልቃል። ዕዳ የሚጠይቅ የለም፣ ቀጠሮ የሚይዝ የለም። አውቶቡሱ ሲሞላ ይነሳል። እኛ ልጆች ደግሞ ሱቁ ውስጥ ገብተን ግድግዳው ላይ በምስማር የተሰቀሉትን ሰዓቶች እያየን «ይኼ የአስተማሪያችን ነው፣ ይኼ የአባ ሙሳ ነው» እንባባል ነበር። ሁሉም ቆመዋል፤ አንድም ድምፅ የለም። የመርሳ ሰው ሁሉ ሰዓት በአንድ የጭቃ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ማየት ለማንም አደጋ አይመስለውም ነበር።

የሩፋኤል ዕለት፣ ጳጉሜን ሦስት፣ ዝናቡ ከቀትር በፊት ጀመረ። የዚያን ቀን ዝናብ የተባረከ ነው ይባላል፤ እናቶች ለሊጥ የሚሆን ጠብታ ለመያዝ ድስት ደጅ ያወጣሉ፣ ልጅ ሁሉ ራቁቱን ወጥቶ ይታጠባል። የእንድሪስ ልጆችም ከእኛ ጋር ወጡ፤ እናታቸው «ዝናብ የአላህ ራሕመት ነው፣ ምን ይከለከላል» ብላ ነበር። ጭቃ ለጭቃ እየተንሸራተትን፣ አፋችንን ወደ ሰማይ ከፍተን፣ «ሩፋኤል አሳድገኝ!» እያልን እንጮህ ነበር። አባቴና እንድሪስ እኛ ቤት ምሳ እየበሉ በመስኮት እያዩን ይስቁብን ነበር። አባቴን ከልቡ ሲስቅ ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ከላይ ከተራራው ምን ያህል እንደዘነበ ማን ያውቃል። የወንዙ ድምፅ ሲለወጥ መጀመሪያ የሰማው እንድሪስ ነው፤ እጁን ሳይታጠብ ወጥቶ ሮጠ፣ አባቴም ተከተለው፣ እኔም ራቁቴን ተከተልኳቸው። ስንደርስ ውሃው ሱቁን ዙሪያውን ይዞታል። እንድሪስ ዘሎ ሲገባ ሰዎች በቀበቶው ይዘው ጎተቱት፤ ያን ጊዜ ግድግዳው፣ ያ ምስማሩ ሁሉ የተመታበት ግድግዳ፣ ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ ተደፋ። አባቴ ዝናቡ ውስጥ ቆሞ «የሰው ንብረት... የሰው ንብረት...» ይል ነበር። ሰዎች እየመጡ «እንኳን ነፍስህ ተረፈች» ይሉታል፤ እሱ ግን የሰማቸው አይመስለኝም።

ውሃው ሲጎድል እንድሪስ የጤፍ ወንፊት ይዞ ጭቃው ውስጥ ገባ። እናቴና እኔ ባልዲ እናቀብላለን። አፈሩን በውሃ እየበጠበጠ ሲነፋ፣ ከወንፊቱ ላይ አንድ ሰዓት ብቅ ሲል «አልሐምዱሊላህ!» ብሎ ይጮሃል። የግድግዳው ጭቃ ወድቆ ስለሸፈናቸው ጎርፉ ብዙ አልወሰደም፤ አብዛኞቹን አገኘናቸው። ማሰሪያቸው በስብሷል፣ እናቴ የጻፈችው ፊታቸው ጠፍቷል፣ ክራቸው ግን አለ። አባቴ ቤታችን ውስጥ ሆኖ አንድ በአንድ እየከፈተ ቤንዚን ውስጥ ይነክራቸው ጀመር። አላፊ አግዳሚው ግን የሚያየው እንድሪስ ጭቃ ሲዝቅ ነው፤ ምናልባት ወረንጦና መዶሻ የሚፈልግ መስሏቸው ይሆናል።

አዲስ ዓመት ጧት አባቴ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ደጃችን ላይ ዱካ አስቀምጦ ተቀመጠ። ሰዓት ሊወስድ የሚመጣውን ሰው ምን እንደሚለው ለእናቴ ሲለማመድ ሰምቼዋለሁ፤ «አልጠፋም፣ እየደረቀ ነው፣ እስከ መስቀል ታገሠኝ» ይላል። ቢሰድቡትም ዝግጁ ነበር። አበባ የያዙ ልጆች መጥተው ዘፍነው ሄዱ። ትልቅ ሰው ግን አንድም አልመጣም። በእኛ በር የሚያልፉት ሁሉ ያን ቀን በትምህርት ቤቱ ጀርባ ዞረው ሄዱ። ሩቅ ሆነው ሰላም የሚሉትም ቶሎ ፊታቸውን ያዞራሉ። አባቴ እስከ ማታ ተቀመጠ። ከዚያ ዱካውን አንስቶ ገባና «ተቀይመውኛል» አለ።

«ሄደህ ንገራቸዋ!» አለችው እናቴ።

«የሰው ንብረት ጭቃ ካስበላሁ በኋላ ደግሞ እዩኝ እዩኝ ልበል?» አላት።

መስቀል ሲደርስ ሰዓቶቹ እንደገና ይቆጥሩ ጀመር። እናቴ አዲስ ፊት ጽፋላቸው፣ አባቴ አዲስ ማሰሪያ አደረገላቸው። መጀመሪያ ያለቀው የጋሽ ደምሴ ነበር። ጋሽ ደምሴ የመርሳና የወልዲያ አውቶቡስ ሾፌር ናቸው፤ አባቴን ይወዱታል፣ አባቴም ያከብራቸዋል። አባቴ ራሱ ሊወስድላቸው ተነስቶ በሩ ድረስ ሄደና ተመለሰ። ሰዓቱን በመሐረብ ጠቅልሎ ለእኔ ሰጠኝ። «ሰዓትዎ ይኸውልዎ፣ ስላዘገየሁ ይቅርታ ብሏል በያቸው» አለኝ።

ጋሽ ደምሴ መሪያቸውን ይዘው ተቀምጠው ነበር። «ሰዓትዎን አባዬ ልኮልዎ ነው፣ ስላዘገየሁ ይቅርታ ብሏል» አልኳቸው። መሐረቡን ፈቱት። የሚያብረቀርቅ ሰዓት፣ አዲስ ፊት፣ አዲስ ማሰሪያ። ዓይናቸው እንባ ሞላ። «አይ አያሌው!» አሉ። «ሱቁ ፈርሶ፣ ዕቃው ሄዶ፣ አሁን ደግሞ ለእኔ አዲስ ሰዓት ይሥራ? ሙሉዬ፣ አባትሽን እንዲህ በይው፤ ደምሴ በጎርፍ ላይ ጎርፍ አይሆንብህም ብሏል በይው። ዋናው የናንተ መትረፍ ነው።» አዲስ አይደለም ልላቸው አፌን ስከፍት ረዳታቸው የአውቶቡሱን ጎን እየደበደበ «ሞልቷል! ሳበው!» አለ፣ ሞተሩ ተነሳ፣ እሳቸውም ሰዓቱን መልሰው ጠቅልለው ከአንድ እጅ ሙዝ ጋር አስታቅፈው አወረዱኝ።

ያሉትን ቃል በቃል ለአባቴ ነገርኩት፤ በቃሌ እንደያዝኩት ጸሎት አንድም ሳላስቀር። አባቴ ሰዓቱን ጆሮው ላይ አድርጎ ቆየ። «ጨዋ ሰው ናቸው» አለ። «ጭቃ የዋጠው ሰዓት አላስርም ከማለት እንዲህ ይላሉ።»

«ያሉትን ነው ያሉት!» እናቴ ጮኸች። «ምን ሌላ ትርጉም ትፈልግለታለህ? አዲስ መስሏቸው ነው!»

«አንቺ ሰው አታውቂም» አላት።

አባቴ ዕድሜውን በሙሉ «ግድ የለም» ሲሉት «ግድ አለ» ብሎ ሲሰማ የኖረ ሰው ነው። እሱ ራሱ እንደዚያ ስለሚናገር ሌላው ሰው ሁሉ እንደዚያ የሚናገር ይመስለዋል። እንድሪስ ይህን ሲሰማ እየፎከረ መጣ፤ ጁምዓ መስጊድ ላይ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ አስነግራለሁ፣ ሰዓታችሁ ተገኝቷል ኑና ውሰዱ እላለሁ አለ። አባቴ እግሩ ላይ ወደቀ። አባቴ፣ የሰው ዓይን የማያይ ሰው፣ የጓደኛው እግር ላይ ተደፍቶ «በልጆችህ ብዬሃለሁ እንድሪስ፤ ሕዝቡን በግድ ሰዓት አታሳስርልኝ። የፈለገ ይመጣል። ያልፈለገውን አታሳፍርብኝ» አለው። በልጆች ተለምኖ እምቢ የሚል ሰው አላውቅም፤ እንድሪስም አልሆነለትም። እናቴ ደግሞ ስትናደድ ትናደዳለች እንጂ ባሏ የሸሸገውን ደጅ የምታወጣ ሴት አልነበረችም።

ማንም አልመጣም። ሰዓቶቹን እናቴ የዳቦ ቆርቆሮ ውስጥ ከተተቻቸው። ጂዳ ያለችው እህት ሞተር መላክ አቆመች። ሰሌዳው የዶሮ ቤታችን በር ሆነ፤ «ፋብሪካ» የሚለው ጽሑፍ ተገልብጦ ለብዙ ጊዜ ይታይ ነበር። እንድሪስ ወደ ሙዙ ተመለሰ፣ በኋላም ኑሮውን ሐራ ከተማ አደረገ። አባቴ ባትሪና ቡታጋዝ፣ ኋላ ላይ ደግሞ የስልክ ቻርጀር ይጠግን ጀመር። መንገድ ላይ የሚያገኙት ሰዎች ከድሮው የበለጠ ጎንበስ እያሉ ሰላም ይሉታል፤ እሱ ግን ያቺን ተጨማሪ ጎንበስ የሚያያት እንደ ሐዘኔታ ነው፣ ይሸማቀቃል። እየቆየ ገበያ መውጣት ተወ። በየዓመቱ ጳጉሜን ሲገባ ግን ቆርቆሮውን አውጥቶ ሰዓቶቹን አንድ በአንድ ያጥባል፣ ዘይት ያጠጣል፣ ይሞላል። ዕንቁጣጣሽ ሲያልፍ መልሶ ይከድናቸዋል። ምን እያሰበ እንደሚያደርገው ጠይቄው አላውቅም፤ ፈርቼ ነው።

ጦርነቱ መጥቶ ቤታችን በተበረበረ ጊዜ ፍራሹም የእናቴም ድስት ሄደ። ቆርቆሮው ተገልብጦ ሰዓቶቹ መሬት ላይ ተበትነው ነበር፤ የወሰዳቸው የለም። አባቴ ተንበርክኮ ሲለቅማቸው «ሌባም አልፈለጋቸው» አለኝ። እናቴ በዓመቱ ሞተች፣ እሱም ብዙ አልቆየም።

ለቅሶው ላይ መርሳ በሙሉ መጣ። ድንኳኑ ሞልቶ ሰው ደጅ ቆመ። ጋሽ ደምሴ አርጅተው በከዘራ መጡና ከአጠገቤ ተቀመጡ፤ እንድሪስም ከሐራ መጥቶ ፊት ለፊታችን ነበር። ጋሽ ደምሴ እጄን ይዘው፣ ድንኳኑ ሁሉ እየሰማቸው፣ እንዲህ አሉ፦ «አባትሽ የተከበረ ሰው ነበር። እኛም አክብረነዋል። ያን ጊዜ ጎርፉ ያን ሁሉ ሰዓት ሲወስድበት አንድም የመርሳ ሰው ‹ሰዓቴስ?› ብሎት አያውቅም። እኔ ሚስቴን፣ ልጆቼን፣ ረዳቴን ሁሉ አስጠንቅቄያለሁ፤ አያሌው ፊት ሰዓት የሚል ቃል እንዳይነሳ ብዬ። በደጁ እንኳ ላለማለፍ ዞረን ነበር የምንሄደው፣ እንዳይከፋው። ለእኔማ ከዚያ ሁሉ ጉዳት ላይ አዲስ ሠርቶ ላከልኝ፤ መለስኩለት። ሰው ለሰው እንዲህ ነበር።» ዙሪያውን የተቀመጡት ሽማግሌዎች «እውነት ነው፣ እውነት ነው» አሉ። አንዱም እንባውን ጠረገ።

ሰዓቶቹ ከድንኳኑ ጀርባ፣ አባቴ አልጋ ሥር ነበሩ። ተነስቼ መጮህ አማረኝ። እንድሪስን ቀና ብዬ ሳየው አንገቱን ደፍቶ ነበር። ጋሽ ደምሴን «እግዜር ይስጥልኝ» አልኳቸው። ሌላ ምን እላለሁ?

እንድሪስን በኋላ ደጅ፣ ለስግደት ውዱእ ሲያደርግ አገኘሁት። «ጋሼ እንድሪስ፣ ልመናው አሁን የለም እኮ፤ የለመነህ ሰው ተቀብሯል። ንገራቸው» አልኩት።

«ምን ብዬ ልንገራቸው ልጄ?» አለኝ ውሃው ከክርኑ እየተንጠባጠበ። «በደግነታችሁ ነው የገደላችሁት ልበላቸው? ሽማግሌው ወደ ቀብራቸው ይዘዋት የሚሄዱት ያቺኑ ደግነት ናት። ወላሂ አልችልም። አንቺ ትችያለሽ?»

አልቻልኩም።

ጁስ ቤቴ የሚመጡ ልጆች ጭማቂው ከቀጠነባቸው ፊት ለፊት ይናገሩኛል፤ አንዳንዱማ ፎቶ አንስቶ ፌስቡክ ላይ ይለጥፈኛል። መጀመሪያ ያናድደኛል። ቀጥሎ እቀናለሁ። አባቴን ከእነዚህ ልጆች አንዱ እንኳ አንድ ቀን መጥቶ «አንተ ሰውዬ፣ ሰዓቴን አምጣ!» ቢለው ኖሮ፣ አባቴ ሮጦ ያመጣለት ነበር፤ ያን ቀን ሕይወቱ ይመለስ ነበር። ድሮ ሰው የሰው ፊት ያውቅ ነበር የሚለው ወሬ ሲነሳ እኔም አብሬ «ወይ ድሮ!» እላለሁ፤ እውነቴንም ነው፣ እንደዚያ ዓይነት ሰው ዳግም አይወጣም። ግን አባቴን የጨረሰው ጎርፉ አይደለም፣ የዚያ መዋደድ ዝምታ ነው። የዛሬው ጩኸት አስቀያሚ ነው፣ የድሮው ዝምታ ደግሞ ቆንጆ ነበር፤ ከሁለቱ የትኛውን ለልጄ እንደማወርሳት አላውቅም። ለእኔ የደረሰኝ ዝምታው ነው።

ጋሽ ደምሴ ጡረታቸውን ሊቀበሉ በየወሩ ወልዲያ ይመጣሉ። ጁስ ቤቴ ገብተው ያርፋሉ፣ ፓፓያ አደርግላቸዋለሁ፣ አባቴን ያነሱልኛል፣ ይመርቁኛል። ሰዓት የሌለበት ባዶ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው «ሙሉዬ፣ መኪናው እንዳያመልጠኝ፣ ስንት ሰዓት ሆነ?» ይሉኛል። ስልኬን አውጥቼ አይና እነግራቸዋለሁ።